ሹፌሩ ሦስት ዓመት የነዳው አውቶቡስ

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «እትዬ ቁልፍ» ይላታል። የእቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፎች በአንድ ጥቁር የጫማ ማሰሪያ ታስረው አንገቷ ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ። ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ፣ ቆዳው፣ ሁሉም የራሱ መደርደሪያ አለው፤ የቱ የት እንዳለ ወረቀት ሳታይ ታውቃለች። ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ግን ከእሷ መደርደሪያ አንድ የመርፌ እሽግ ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ሠራተኛ መስኮቷ ጋ መጥቶ ገና «እትዬ፣ ያ…» ከማለቱ፣ «አርባ ሁለት ቁጥር ጥቁር ሶል» ብላ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዱብ ታደርግለታለች። አሥር ጊዜ ብትገምት ዘጠኙን ልክ ናት። ሶል ቆራጩ ቀልደኛ ነው፤ «እትዬ ቁልፍ ጋ ስትሄዱ አፋችሁን ይዛችሁ አትድከሙ፣ እሷ የራሷን ትጠቀምላችኋለች» እያለ ሰዉን ያስቃል። እሷም ትስቃለች። ቅልጥፍናዋ ለግምጃ ቤቱ በረከት ነበር። ወደ ቤቷ ይዛው ስትገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ባሏ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ጎረቤቱ ዛሬም «ሹፌሩ» ነው የሚለው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎት ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጁ የእሱ ያልሆነ ያህል ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ግራ እግሩን በከዘራ እየታገዘ ይጎትታል። አእምሮው ምንም አልሆነም። ምላሱ ግን ዘገየ። ቃሉ ከውስጥ ተነሥቶ ከንፈሩ ላይ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ፣ «ይናገር። የፈለገውን ያህል ጊዜ ይውሰድበት፣ ግን ራሱ ይናገር» ብሎ ነበር። እትዬ ቁልፍም «እሺ ዶክተር» ብላ ነበር። እሺ ማለትማ ምን ይከብዳል።

ቤት ሲገቡ «ው…» ሲል ውሃ ታመጣለታለች። «መ…» ሲል መስኮት ትከፍትለታለች። አንዳንዴ መስኮቱን ፈልጎ አልነበረም፤ መነጽሩን ነበር። ነገር ግን መስኮቱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ደህናውን እጁን ያወዛውዝና ይተወዋል፤ ያለ መነጽር ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። እሷ ደግሞ የጀርባውን ትራስ እየደለደለች፣ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?» ትለዋለች። ለዚህ መልስ ነበረው። መልሱ አፉ እስኪደርስ ግን እሷ ማድቤት ገብታለች።

የድሮ የሥራ ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን ይጠይቁት ነበር። «እንዴት ነህ ሹፌሩ?» ይሉታል። «ደህና ነው፤ ትናንት እግሩን ትንሽ ይዞት ነበር እንጂ» ትላለች እሷ። «ምግብ ይበላል?» «ሾርባ ነው የሚወደው፣ ሌላውን አይፈልግም።» ጠያቂዎቹ ቀስ በቀስ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ቀስ በቀስም መምጣቱን ተዉት። ሾርባ ይወድ እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም። አይወድም ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ራቅ ያለ አገር ነው የምትሠራው። አባቷ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ ሲያንገበግባት ጊዜ፣ በሰው እጅ አንድ የጌም ማጫወቻ ላከችለት። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ውስጡ አንድ ጨዋታ ተጭኖበታል፤ አውቶቡስ መንዳት። መንጃው ጆይስቲክ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሹፌሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያስብበት ከረመና ጆይስቲኩን በአንድ ዳቦ መቁረጫ ጣውላ ላይ በጎማ ጠፍሮ፣ ጣውላውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጅና በክርኑ መንዳት ጀመረ።

«ሽበት የወረሰው ሰውዬ!» አለች እትዬ ቁልፍ። «በስተርጅና ጌም! ሰው ቢያይህ ምን ይላል?» ሰው እንዳያይ ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አንሥታ ጓዳ አስገባችው። ሹፌሩም ተከትሎት ገባ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት፣ ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ እዚያው ነው የምታገኘው። አንዳንዴ በግድግዳው ውስጥ ድምፁን ትሰማለች። ይጀምራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ብቻውን ነው የሚያወራው። «ይኼ ሰውዬ ሊለይለት ነው» ትልና ድስቷን ታማስላለች። ምን እንደሚል ለመስማት በሩ ላይ ቆማ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን መጣና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሽሮ ቀለም ያለው ሹራቡን ቁልፍ በቁልፍ ቆልፎታል። አንድ ነገር ሊናገር እንደተዘጋጀ ያስታውቃል።

«ሞ… ሞላ» አለ።

«ምኑ?»

«ማ… ሽኑ። ቦታ… የለውም። አዲስ… መንገድ… መጥቷል። አል… ገባም አለ።»

«እና ዕቃ ማስቀመጫ ይጨመርለት ነዋ። ምን ችግር አለው?» የዕቃና የቦታ ወሬ ከሆነ የእሷ ሙያ ነው።

«ሃርድ… ዲስክ። የው…»

«የውጭ! የሚሰካው! አውቀዋለሁ፣ ቢሯችን ውስጥ አለ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ አመጣልሃለሁ።»

«አ… አይ። ቆይ። ገመ…»

«ገመዱማ አብሮት አለ፤ ያለ ገመድ ማን ይሸጣል?»

ሹፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ነገር ሁለት ቀን ሲያሰናዳው ነው የሰነበተው። የቀሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ሁለት ጣቱን አነሣ።

«ሁለት? አንድ ይበቃሃል!» አለችና ሻይ ልትጥድ ተነሣች።

ሰኞ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባች። ጠባብ ሱቅ ነው፤ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ገመድ ተንጠልጥሎበታል። ሻጩ ወፍራም ሰው ነው፤ በአንድ እጁ ስልክ እየነካካ በሌላው ዕቃ ያወርዳል።

«ሃርድ ዲስክ ፈልጌ ነበር። ለ…»

«ለፎቶ ነው እማማ?»

«እማማህን ቤትህ ፈልግ። ለ…»

«ለኮምፒውተር፤ ገባኝ፣ ገባኝ እትዬ። እነዚህን ይመልከቱ።»

አንዱ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ሌላው ትልቅና ከባድ። እትዬ ቁልፍ የሁለት መዳፏን ሚዛን ታምናለች። ቆዳም፣ ሶልም፣ ማስቲሽም የምትረከበው በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ ነው፤ ከባዱ ሁልጊዜ የተሻለው ነው። ከባዱን አነሣች። ያ ዕቃ የድሮ ሥሪት እንደነበረ፣ ሆዱ ጠባብ፣ መሰኪያውም የዘገምተኞቹ እንደሆነ የነገራት የለም። ሻጩ አልጠየቃት፤ እሷም ልጠይቅ አላለች።

ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ሰካችው። ማጫወቻው ትንሽ አሰበና አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሹፌሩ አነበበው፤ ትከሻው ወረደ።

«አል… ተቀበለውም። ፍጥ…»

«አልተቀበለውም? አዲስ ዕቃ እኮ ነው! ይኼ ማሽንህ ነው የተበላሸው!» ልክ አይደለሽም መባልን እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው። «ቆይ፣ እንዲያውም ማስቀመጫ መጨመር ምን ያስፈልጋል? የሞላ መደርደሪያ ይጠረጋል እንጂ ሌላ መደርደሪያ አይገዛለትም። አምጣው እስቲ!»

ጣውላውን ከነጆይስቲኩ ከጭኑ ላይ አነሣችው። እሱ ሲያደርግ አይታለችና የዕቃ ማከማቻውን ዝርዝር በሥዕል በሥዕሉ እየተከተለች አገኘችው። ከላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የአውቶቡስ ሥዕል ያለበት፤ ቁጥሩም ትልቅ ነው። ይህ ዋናው ጨዋታ ነው አለች በልቧ፤ ይህ አይነካም። በሌላው ገጽ ግን ትንንሽ ነገሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ቀን ተጽፎባቸዋል፤ አንዳንዱ ቀን ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። በእሷ ግምጃ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ያለቀለት የዕቃ መውጫ ወረቀት ጉርድ ነው። ዕቃው ይቀመጣል፤ ጉርዱ በዓመቱ ይቃጠላል።

«ይኸውልህ፣ ቆሻሻውን አገኘሁት። ያረጀ ነገር አከማችተህ ነው እንጂ!»

«እሱ…» አለ ሹፌሩ። «እሱን…»

«እሱን ልሰርዘው? እሺ፣ እሱኑ እኮ ነው የምሰርዘው።»

«እ… እሱ…»

«ኧረ አትጨነቅ፣ ጨዋታህን አልነካውም!»

የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል መጣ፤ ነካችው። እርግጠኛ ነሽ ወይ የሚል ነገር መጣ፤ ነካችው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን። ሹፌሩ ከዘራውን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ያያታል። ስትጨርስ ማጫወቻው አሁንም ሞልቻለሁ አለ። ትንንሾቹ ለካ ምንም ያህል ቦታ አልያዙም ነበር። ጨዋታውን ስትከፍተው ድሮ «ካቆምክበት ቀጥል» ይል የነበረው ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ «አዲስ ጨዋታ ጀምር»።

ትልቁ ነገር ቢጠፋ ከኢንተርኔት ተመልሶ ይወርድ ነበር። ትንንሾቹ ግን ሹፌሩ ሦስት ዓመት የነዳው ጉዞ መዝገብ ነበሩ። እነሱ ከየትም አይወርዱም።

ሹፌሩ አልጮኸም። ጣውላውን ከእጇ ወስዶ ከግድግዳው ጋር አስደግፎ አቆመው፤ ከዘራውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ መናገሩን ተወ። «ው…» የለ፣ «መ…» የለ። ትጠይቀዋለች፤ በራሱ ይነቀንቃል። እትዬ ቁልፍ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ማኩረፍ ነው፣ ይለፍለታል» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ንግግሯን ጨመረች፤ የፋብሪካውን ወሬ፣ የሶል ቆራጩን ቀልድ፣ የዝናቡን ነገር። ቃሏ ግድግዳ ነክቶ ይመለስባታል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ስታስቀምጥ የፍሪጁን ድምፅ ሰማች። ያ ፍሪጅ እንዲህ የሚያጉረመርም መሆኑን አታውቅም ነበር። ከጓዳ የሚመጣው የባሏ ድምፅ ነበር ለካ ሸፍኖት የኖረው። እሱ ሳሎን ነው፤ እሷም ሳሎን ናት፤ መካከላቸው አንድ ጠረጴዛ ብቻ አለ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ናፈቃት፤ ይህን ለማን ይናገሩታል?

በማግስቱ ያንን ከባድ ዕቃ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ሱቁ ተመለሰች።

«ይኼ ለሚሰካበት አልሆነም» አለችው ሻጩን። «ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ…»

«ይቀየርልኝ ነው? ካርቶኑ የታለ?»

«ካርቶኑ አለ። ባሌ ታሞ ነው፣ ቤት ነው የሚውለው፣ እና…»

«ገባኝ፤ ፊልም ማያ። ይቺን ይውሰዱ።»

«ፊልም አይደለም፣ የ…»

«ሙዚቃ!»

«አንተ ሰው!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ የተንጠለጠሉት ገመዶች ተንቀጠቀጡ። «አንዴ ልጨርስ እንጂ! ከአፌ ላይ ለምን ትነጥቀኛለህ? አንተ ምን ስለምታውቅ ነው የእኔን ቤት ነገር የምትነግረኝ?»

ሻጩ ስልኩን አስቀመጠ። «ይቅርታ እትዬ። ይናገሩ።»

እትዬ ቁልፍ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ለሻጩ የወረወረችው ቃል ለራሷ ደረሳት። ሦስት ጊዜ ብትነጠቅ እንዲህ ደሟ ፈላ፤ እሱ አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ውሃ በጠየቀ ቁጥር። እሷ ጠረጴዛ የምትመታበት እጅና የምትጮህበት ምላስ አላት። እሱ ያለው ማወዛወዝ ብቻ ነበር።

«ቆይ» አለችው ሻጩን በቀስታ። «ምን እንደሚያስፈልግ እኔ አላውቅም። የሚያውቀውን ሰው አልጠየቅኩትም።» ዕቃዋን ይዛ ወጣች።

ቤት ስትገባ ሹፌሩ መስኮቱ ስር ነበር። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ቁልፎቿን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው፤ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

«ያጠፋሁት ምን ነበር?» አለችው። «ንገረኝ። አልናገርም፣ እጠብቃለሁ።»

ሹፌሩ አያትና ወደ መስኮቱ ዞረ። ጊዜው ሄደ። አምስት ጊዜ ያህል ቃል አፏ ላይ መጣ፤ አምስቴ ዋጠችው። ዝም ማለት ቆዳ ከመሸከም የበለጠ እንደሚያደክም ያን ቀን ነው ያወቀችው። እሱ በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ድምፁ ዝጎ ነበር።

«ፌር… ማታዎቹን።»

ጠበቀች።

«አውቶቡሱ… ሲቆም… የፌርማታውን… ስም… እጠራለሁ። ጮክ ብዬ። ዳቦ… ቤት። ድል… ድይ። ጤና… ጣቢያ። ጠርቼ… ሳልጨርስ… በሩን አልከፍትም። አንዳንዱን… ለመጥራት… ሁለት ደቂቃ። ዘገየህ ብሎ… ነጥብ… ይቀንስብኛል። ይቀንስ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መጀመሪያ… አራቱን ብቻ ነበር… የምችለው። በኋላ… ሠላሳ… ስድስት። መንገዱን በሙሉ። ተሳፋሪዎቹ… ምንም አይሉም። ቆመው… ይጠብቁኛል።»

በግድግዳው ውስጥ ሦስት ዓመት የሰማችው ማጉረምረም ይህ ነበር። ሐኪሙ ከእሷ የጠየቀውን ሥራ የጌም ሰዎች፣ ነፍስ የሌላቸው ሥዕሎች፣ ሲሠሩላት ኖረዋል። እሷ ደግሞ ገብታ ጠራርጋቸዋለች።

«ይቅርታ» አለች። ሌላ ነገር ልትጨምር ነበር፤ ተወችው።

ቅዳሜ አብረው ወደ ሱቁ ሄዱ። ለእሷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለሁለቱ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ሻጩ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ።

«አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ፈጣኑን ነው መሰለኝ…»

እትዬ ቁልፍ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ጠብቅ» አለችው። እሷም አንደበቷን ያዘች። ከኋላቸው ሁለት ደንበኞች ተሰልፈዋል፤ አንደኛዋ ሰዓቷን አየች። እትዬ ቁልፍ ዞራ አንድ ጊዜ ገላመጠቻት፤ ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰዓቷ ላይ መለሰች።

«ጨዋታዬ…» አለ ሹፌሩ፣ «የቆየ… ዓይነት ነው። ፈጣኑ… ዲስክ ውድ ነው፣ አያስፈልገኝም። የሚሽከረከረው… ይበቃኛል። ገመዱ ግን… ፈጣኑ ይሁን። ሰማያዊ… አፍ ያለው። ሆዱም… ሰፊ።»

ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነዎት አባባ። አዲሶቹ ጨዋታዎች ናቸው ከውጭ ዲስክ ላይ የማይነሡት፤ እዚያ ተቀምጠው ነው የሚቆዩት። የቆዩቱ ግን ይሠራሉ። ይህን በደንብ የሚያውቅ ደንበኛ ብዙ የለኝም።»

«አል… ጨረስኩም» አለ ሹፌሩ።

ሻጩ ሣቀ፤ አፉንም በእጁ ያዘ።

«ትንሽ… ፍላሽ። ዲስኩ… ጨዋታውን ነው… የሚይዘው። የነዳሁት… ማሽኑ ውስጥ… ነው የሚቀረው። ለእሱ… ቅጂ። በየ… ሳምንቱ።»

የገዙት ዲስክ ከዚያ ከከባዱ በግማሽ ይቀላል። እትዬ ቁልፍ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አደረገችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቤት ገብተው ሲሰኩት ማጫወቻው ጥያቄ አወጣ። ጣቷ ወደ ጆይስቲኩ ቁልፍ ሄደ፤ ግን አቆመችውና ወደ ባሏ አየች። «ውስጡ ያለውን… ሁሉ… ይጠርጋል፣ ይላል» አለ እሱ። «ባዶ ነው። እሺ… በይው።» እሺ አለችው።

የጠፋው መንገድ አልተመለሰም። አንድ አሮጌ አውቶቡስ፣ አራት ፌርማታ፣ ከዜሮ ተጀመረ። ቴሌቪዥኑ ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። እሷም እሑድ እሑድ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ሹፌሩ ስም ሲጠራ እሷ ክር ትቋጥራለች። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ድሮ ትመጣ የነበረችው ፈገግታው እስካሁን አልመጣችም። እትዬ ቁልፍ አሁንም በቀን ሁለት ሦስቴ ከአፉ ትነጥቀዋለች፤ ስታስታውስ ከንፈሯን ትነክሳለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ሹፌሩ በሩ ድረስ መጣ።

«ያን… ቀን» አለ።

ሰዓቷ ደርሶ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግምጃ ቤቱን ከሁሉ ቀድማ የከፈተችው እሷ ናት። ቀና አለች።

«የምትሰርዥው… ምን እንደሆነ… ገብቶኝ ነበር።»

ጠበቀች።

«ሶኬቱ… አጠገቤ ነበር። በከዘራዬ… መንቀል… እችል ነበር።»

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሆነ አንድ መቶ ነገር መገመት ትችል ነበር። አልገመተችም። የግራ ጫማዋ ማሰሪያ እንደተፈታ፣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ሰለ… ቸኝ» አለ በመጨረሻ። «አንቺን… ማስረዳት። ታጥፋው… አልኩ። ከዚያ… ዝም ለማለት… ምክንያት አገኛለሁ… አልኩ።»

እትዬ ቁልፍ ያን ቀን ሥራ የገባችው አርባ ደቂቃ ዘግይታ ነው። ሠራተኞቹ በግምጃ ቤቱ በር ላይ ተኮልኩለው ነበር። ሶል ቆራጩ ገና ከሩቅ፣ «እትዬ ቁልፍ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ምን…» ሲል ዓይኗ ማበጡን አየና ቀልዱን ዋጠው። እሷም በሩን ከፈተች፤ መስኮቷ ጋ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሰው ቀርቦ «እትዬ፣ ያ…» አለ። እስኪጨርስ አየችው።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ በቤታችሁ ቃሉ የሚዘገይበት ሰው ይኖር ይሆናል። የታመመ፣ ያረጀ፣ የሚንተባተብ፣ ወይም እንዲሁ በተፈጥሮው ቀስ የሚል። ውሃውን አቀበላችሁት ማለት ረዳችሁት ማለት አይደለም። እናንተ በጨረሳችሁለት ቁጥር እሱ አንድ ቃል ያጣል፤ በኋላም የሚናገርበትን ምክንያት ያጣል። ዕቃ ልትገዙለት ስትወጡም፣ የሚጠቀምበትን ሰው እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ ከቤት አትውጡ። ሁለት ደቂቃ ነው። ቁሙና ጠብቁት።